ጋሽ ሸምሱ የመረጡት ካምቢዮ

ባለፈው ሳምንት መኪናዬን ጋራዥ ወስጄ ነበር። መካኒኩ ገና ልጅ ነው። ከመኪናው ስር ገብቶ አንዲት ቡሎን ፈታ ሲያደርግ ጥቁር ዘይት ወደ ሳህኑ መንጠባጠብ ጀመረ፣ ወዲያው ሽታው መጣ። የካምቢዮ ዘይት አሽቶት የማያውቅ ሰው አይጠፋም፤ የተቃጠለ ክብሪትና የከረመ ነጭ ሽንኩርት አንድ ላይ ቢሆኑ እንደዚያ ይሸታሉ። ልብስ ከነካ ሦስት ጊዜ ቢታጠብም አይለቅም። ልጁ «እትዬ፣ ሽታው ይከብዳል፣ እዚያ ጥላው ስር ይቀመጡ» አለኝ። እኔ ግን ከቆምኩበት አልተነቃነቅኩም። እንባዬ ሲወርድ አየና ዘይቱ ዓይኔ የገባ መስሎት ጨርቅ ፍለጋ ሮጠ።

አይ እኔ! ሃምሳ ዓመቴን ልደፍን ነው፣ የመካኒክ ልጅ ፊት ቆሜ አለቅሳለሁ። ግን ምን ላድርግ፣ ያ ሽታ የጋሽ ሸምሱ ሽታ ነው። እርሳቸውን በድዬ ይቅርታ ሳልጠይቃቸው ቀርቻለሁ።

ነገሩ የሆነው ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት ነው፤ እኔ አሥር ዓመቴ ነበር። አባባ ላሚሶ ይባላል፣ ከሀገረ ሰላም ደጋ ወርዶ አዋሳ የገባ ሲዳማ ነው። አንዲት ያረጀች ፒካፕ ነበረችው። ድሮ ሰማያዊ ነበረች ይላሉ፤ እኔ ሳውቃት ቀለሟ ምን እንደሆነ ለመናገር ያስቸግር ነበር። የግራ በሯ የሚዘጋው በገመድ ነው። አባባ በእሷ ጨውና ሳሙና ጭኖ ወደ ደጋው ይወጣል፣ ሲመለስ ቀርከሃ ይዞ ይወርዳል። የሰፈራችን አጥር ግማሹ በዚያች ፒካፕ የመጣ ነው።

በሚያዝያ መንገድ ላይ ካምቢዮዋ፣ የማርሽ ሳጥኗ ማለት ነው፣ ሞተ። አባባ ማርሽ ሲቀይር ውስጡ ቆሎ እንደሚቆረጥም ሰው ተንኮሻኮሸና ቀጥ አለ። በጭነት መኪና አስጎትቶ አመጣትና ጋሽ ሸምሱ ጋራዥ አቆማት።

ጋራዡ ከቤታችን አጥር ለአጥር ነበር፤ አሁን አዲስ ከተማ በሚባለው በኩል። ጋራዥ ይባል እንጂ የባሕር ዛፍ አጥር፣ አንድ የቆርቆሮ ጣራና አንድ ትልቅ የሾላ ዛፍ ነው። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ከሐይቁ የዓሣ ትራፊ በልተው ሲጠግቡ አጥሩ ላይ ይደረደራሉ። ጋሽ ሸምሱ ከጉራጌ አገር በወጣትነታቸው የመጡ፣ ቀጭን፣ ረዥም፣ ነጭ ቆብ ከራሳቸው የማይለይ ሰው ነበሩ። ሚስታቸው ስለሞተች እማማ በየቀኑ ምሳ ትልክላቸዋለች፤ ተላላኪዋ እኔ ነኝ። ከዲላም ከሻሸመኔም ሾፌር መኪናውን ይዞ እርሳቸው ዘንድ ይመጣል። ሌላው መካኒክ ያዳመጠውን ሞተር ደግሞ ጋሽ ሸምሱ እስኪያዳምጡት ማንም አያምንም።

«መኪና እንደ ሰው ነው የሚሉሽን አትስሚ» ይሉኝ ነበር። «መኪና አይዋሽም።»

ዓይናቸው እንደማያይ ያወቅሁት በአጋጣሚ ነው። አንድ ቀን ሳህን ይዤ ጠራራ ፀሐይ ላይ ቆሜ ሳለ «ማነህ አንተ?» አሉኝ። ሳቅሁ፣ የሚቀልዱ መስሎኝ። በማግሥቱ ደግሞ ፊት ለፊታቸው የተቀመጠውን ቁልፍ በእጃቸው መሬቱን እየዳበሱ ሲፈልጉ አየኋቸው። ልጅ ነኝና እንደመጣልኝ ተናገርኩ።

«ጋሼ፣ አያዩም እንዴ?»

ተነሡና በሩን ዘጉት። ከዚያ ጎማ ላይ አስቀመጡኝ።

«ነጭ ጭጋግ ነው» አሉ። «ዘንድሮ ባሰበት። ቅርጽ አያለሁ፣ ጥላ አያለሁ፣ ቁጥር አላይም። ይሄ ነገር ከተሰማ በማግሥቱ መኪናውን የሚያምነኝ ሰው የለም። ገባሽ?»

«ገባኝ።»

«ለማን ትነግሪያለሽ?»

«ለማንም።»

«ለእናትሽስ?»

«ለማንም አልኩ እኮ ጋሼ!»

ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከትምህርት ቤት ስመጣ ደብተሬን ወርውሬ ወደ እርሳቸው ነው። ቁልፉ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አነባለሁ፣ አሥራ ሦስት፣ አሥራ ሰባት፤ ዘይቱ የት ድረስ እንደደረሰ እናገራለሁ። ሾፌር ሲመጣ ድምፄን አጠፋና ቁልፉን ራሴ በእጃቸው ላይ አስቀምጣለሁ፣ እርሳቸውም ያዩ መስለው ይሠራሉ። ምስጢሩን በደንብ ጠበቅሁላቸው። በዚያ ክረምት የኮራሁበት ነገር ቢኖር እሱ ነው።

አሁን ወደ ካምቢዮው ልመለስ። የፒካፗ የድሮ ካምቢዮ አራት ማርሽ ብቻ ነበረው። አባባ በእሱ ምትክ ሁለት ነገር ያለው ካምቢዮ ፈለገ። አንደኛ ማርሹ ጉልበታም መሆን አለበት፤ የደጋውን ዳገት ጨው ጭኖ የሚወጣው በእሱ ነዋ። በዚያ ላይ አምስተኛ ማርሽ እንዲኖረው ይፈልጋል። አምስተኛው፣ ጋሽ ሸምሱ እንዳስረዱኝ፣ ሞተሩ ቀስ ብሎ እየዞረ ጎማው የሚሮጥበት ማርሽ ነው፤ ሜዳ ላይ ቤንዚን ይቆጥባል። ቤንዚን በኩፖን በሚታደልበት ዘመን ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

ከወር ፍለጋ በኋላ አንድ ነጋዴ ከአዲስ አበባ ከተበታተኑ መኪኖች የወጡ ሁለት ካምቢዮዎች ይዞ መጣ። ሁለቱም አምስት ማርሽ አላቸው፣ ሽፋናቸው ከአንድ ፋብሪካ የወጣ ነው፣ ከውጭ ብታዩአቸው መንታ ናቸው። ልዩነቱ ውስጣቸው ነው። አንዱ ከከባድ ጭነት መኪና፣ አንዱ ከቀላል የወጣ ነው። የትኛው የትኛው እንደሆነ ሻጩ ራሱ አያውቅም፤ የላዩ ጽሑፍ ተፍቋል። «ምረጡና አንዱን ውሰዱ፣ ሌላውን ስመለስ እወስደዋለሁ» ብሎ ሁለቱንም ትቶልን ሄደ።

«አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም» አለ አባባ። «ጋሽ ሸምሱ፣ ያለችኝ መኪና ይቺው ናት። እኔ አልመርጥም፣ እርስዎ ይሄ ያሉኝን ነው የማስገባው።»

«ተው ላሚሶ፣ እኔ አይደለሁም የምመርጠው» አሉ ጋሽ ሸምሱ። «ቆጠራው ይመርጥልሃል። አርብ ና።»

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ፣ ከአርቡ ስድስት ቀን ቀድሞ ማለት ነው፣ ወንድሜን ዳዊትን ለውትድርና ወሰዱት። እንዴት እንደነበር የዚያ ዘመን ሰው ያውቀዋል። ሐይቅ ዳር ሜዳ ላይ ኳስ ሲጫወቱ ከበቧቸውና የቀበሌው ግቢ አጎሯቸው። ዳዊት አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው፣ ትከሻው ሰፊ፣ በአንድ እጁ አንስቶ ጣራ ላይ የሚያስቀምጠኝ ልጅ። እማማና እኔ በአጥሩ ቀዳዳ እያየን ቆመን ነበር። አንድ ሰው ወረቀት ይዞ ያሰልፋቸዋል፣ ጠንካራውን ወደ ግራ ይለያል። የጎረቤታችን የእትዬ ብርቄ ልጅ አሸናፊም አብሮ ተይዟል፤ በሕፃንነቱ ፖሊዮ እግሩን መትቶት ያነክሳል። ሰውየው እግሩን አየና «አንተ ምን ትሠራልናለህ፣ ሂድ ከዚህ!» ብሎ ገፈተረው። አሸናፊ እያነከሰ ወጣ፣ እናቱ እልል ልትል ትንሽ ቀራት።

እማማ ያኔ ያለችውን መቼም አልረሳውም። ወደ እትዬ ብርቄ ዞረችና «ታድለሽ! ምናለ የኔንም ልጅ እግሩን በሰበረው!» አለች። እትዬ ብርቄ ምን ትበል፣ አንገቷን አቅፋ አብራት አለቀሰች።

እኔ ሁለቱን ሴቶች እያየሁ አንድ ነገር ተማርኩ። ማለት፣ የተማርኩ መሰለኝ። ጠንካራ ይወሰዳል፣ አንካሳ ይቀራል። የአሥር ዓመት ልጅ ዓለም የገባት ያህል ነበር የተሰማኝ። ቤታችን ገብተን የዳዊትን ባዶ አልጋ ሳይ ነገሩን በልቤ ደጋግሜ አልኩት።

ሐሙስ ዕለት ደግሞ የቀበሌው ሊቀመንበር ወደ ጋራዡ ጎራ አለ። አባባ ፒካፗ አጠገብ ቁጭ ብሎ ነበር፣ ዳዊት ከተወሰደ ወዲህ እጁ ሥራ አይዝም። ሊቀመንበሩ ጎማዋን በጫማው መታ መታ አደረገ።

«እንዴት ነው ላሚሶ፣ መቼ ትነሣለች? ጉልበት ያለው መኪና አገር ይፈልገዋል እኮ!» ብሎ ሳቀ።

አባባም ሳቀ። ሊቀመንበር ሲስቅ አብሮ ይሳቃል እንጂ ምን ይደረጋል። እኔ ግን የሰማሁት ሌላ ነው። መኪናዋን ከጠሩ አባባን ይጠራሉ፣ ማን ሊነዳት ነው? ዳዊት ሄዷል፣ አባባም ሊሄድ ነው። (ኋላ ሲወራ እንደሰማሁት ሰውየው የፈለገው ለአጥሩ ቀርከሃ ነው። ፒካፗን የጠየቀ አንድም ሰው አልመጣም። ወይ ጉዴ!) በዚያች ቅጽበት ግን ምን ማድረግ እንዳለብኝ ግልጽ ሆኖልኝ ነበር፤ መኪናዋ ማነከስ አለባት።

አርብ ጠዋት ጋሽ ሸምሱ ሁለቱን ካምቢዮዎች ጠረጴዛው ላይ አጋድመው ጠበቁኝ። አባባ ገና አልመጣም። ቆጠራው እንዲህ ነው፦ ካምቢዮው አንደኛ ማርሽ ውስጥ ይገባል፣ ጋሽ ሸምሱ የፊተኛውን ዘንግ በእጃቸው እያዞሩ ይቆጥራሉ። የኋለኛው ጫፍ ላይ በኖራ ምልክት ይደረጋል። ምልክቱ አንድ ዙር ዞሮ ወደ ላይ ሲመለስ «ሞላ» ማለት የኔ ሥራ ነው። ከዚህ በፊት ሌሎች ካምቢዮዎች ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ሠርተነዋል። ከፍቶ ጥርሱን መዳበስ ይቻል ነበር፤ ግን ከተከፈተ ማሸጊያው ይቀደዳል፣ ሌላ ማሸጊያ በዚያ ጊዜ ከየት ይመጣል?

«ስድስት አልፎ ከሞላ የከባዱ ነው» አሉኝ። «ዳገት የሚወጣው እሱ ነው። አራት ላይ ከሞላ የቀላሉ ነው። ዓይንሽን ከኖራው እንዳትነቅዪ።»

የመጀመሪያውን ማዞር ጀመሩ። «አንድ… ሁለት… ሦስት…» ኖራው ከታች ገና ወደ ላይ ሊነሣ ሲል «አራት» አሉ።

«ሞላ!» አልኩ።

እጃቸው ቆመ። «ሞላ?»

«ሞላ ጋሼ።»

ወደ ሁለተኛው ሄዱ። አራት ሲሉ ኖራው ቀጥ ብሎ ከላይ መጣ። ዝም አልኩ። አምስት አሉ፣ ኖራው አልፎ ወረደ። ስድስት። ትንሽ ቆየሁና «ሞላ» አልኩ።

ጋሽ ሸምሱ ወደ መጀመሪያው ተመልሰው ዘንጉን ያለ ቆጠራ ወዲያ ወዲህ አዞሩት፣ ከዚያ ሁለተኛውን።

«እጄ ሌላ ነው የሚለኝ» አሉ። «የመጀመሪያው ለእጄ ይቀልለኛል። ለእጅ የቀለለ ካምቢዮ ዳገት ላይ ጎበዝ ነው፣ እኔ የማውቀው እንዲህ ነው። እንደገና እንቁጠር።»

እንደገና ቆጠርን። እንደገና ዋሸሁ። ሦስተኛም ቆጠርን። በሦስተኛው ዋሽቼ ስጨርስ ፊታቸው ፈታ አለ፤ ጨርቅ አንሥተው እጃቸውን እየጠረጉ ፈገግ አሉ።

«በቃ፣ ያረጀ እጅ ነው። የልጅ ዓይን ይሻላል።»

አባባ ሲመጣ «የቱ ነው?» አለ። ጋሽ ሸምሱ እጃቸውን ከቀላሉ መኪና በወጣው ካምቢዮ ላይ ጫኑና «ይሄኛው ነው። ዳገቱን ይወጣልሃል» አሉ። አባባ ምንም ሳይጠይቅ ጃኬቱን አውልቆ ለማንሣት ጎንበስ አለ።

ለመግጠም አራት ቀን ፈጀ። ስትነሣ እኔንና እማማን አስገብቶ ከከተማው መውጫ እስካለው ጥቁር ውሃ ወሰደን። ከዳዊት ወዲህ እማማ ከቤት ስትወጣ ያ የመጀመሪያዋ ነው። ሜዳው ላይ ሲደርስ አባባ አምስተኛውን አስገባ፤ የሞተሩ ጩኸት ዝቅ አለ፣ መንገዱ ግን ከስራችን ይሮጣል። «ስሙት! ስሙት!» ይላል አባባ። «ምንም አይሰማም እኮ!» በሲዳምኛ መዝሙር ጀመረ፣ እማማም ቀስ ብላ ተቀበለችው። እኔ መሃላቸው ተቀምጬ ሁሉንም ያዳንኩ መሰለኝ።

ስንመለስ ጋሽ ሸምሱ በር ላይ ቆመው ይጠብቁ ነበር። አባባ «አንደኛው ብቻ ትንሽ ፈጠነብኝ» አላቸው። ጋሽ ሸምሱ ፊታቸውን እኔ ወዳለሁበት መለስ አደረጉ። «ባዶ ስለሆነች ይሆናል» አሉ።

ሁለት ሳምንት አባባ የሻሸመኔን ሜዳ ብቻ ነበር የሚመላለሰው። ሐምሌ ሲገባ አንድ ማለዳ የጨው ጆንያ ሲጭን አየሁት። ወደ ደጋው ነው አለኝ። ዝናቡ ሌሊቱን ሲወርድ ነው ያደረው። በሩ ላይ ቆምኩ። አባባ፣ አትውጣ፣ ካምቢዮው የቀላሉ ነው ማለት ነበረብኝ፤ አሥር ቃል አይሞላም። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል፤ የኔ ግን ዋናው ነገር ከአፌ ሳይወጣ ቀረ። ብናገር ይገርፈኛል፣ ብናገር መኪናዋን ይወስዱበታል፣ ምኑንም ምኑንም አሰብኩ። እሱ እጁን አወዛወዘልኝና ሄደ።

ዳገቱ አልወጣላትም። ጭቃው ላይ ጎትታ ጎትታ ሞተሯ ጠፋ፣ ፍሬኑም አልያዘ፣ ወደ ኋላ ተንሸራትታ ከነጨውዋ ቦይ ውስጥ ተገለበጠች። አባባ ክንዱ ተሰበረ። ነፍሱ ተረፈች፣ ተመስገን ነው። ፒካፗን ጎትተው ዲላ ሲያደርሷት እዚያ ያለ አንድ መካኒክ ካምቢዮውን ከፈተና «ይሄን ለዚህ መኪና የመረጠው ማነው? ዓይኑ የት ነበር?» አለ።

ዓይኑ የት ነበር! ያቺ ነገር ከዲላ አዋሳ ለመድረስ ሁለት ቀን አልፈጀባትም። ሾፌሮች መጠራጠር ጀመሩ። አንዱ ሆን ብሎ ድምፅ ሳያሰማ እጁን ለሰላምታ ዘረጋላቸው፤ ጋሽ ሸምሱ አላዩትም፣ እጁ እንደተዘረጋ ቀረ። ሰውየው ለጓደኞቹ በዓይኑ ጠቅሶ ሄደ። እኔ ሾላው ስር ቆሜ አይቻለሁ። በዚያ ሳምንት ከቆሙት አራት መኪኖች ሦስቱ ወጡ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ሸምሱ ጠሩኝ። ዝናብ ነበር፣ ቆርቆሮው ይጮኻል። ሻጩ ተመልሶ ስላልመጣ ያ ሌላው ካምቢዮ ጥግ ላይ እንደተጣለ ነው። እርሳቸው ጠረጴዛው ላይ አውጥተውታል፣ ኖራውንም ራሳቸው ቀብተውታል፤ የተዛነፈ ነበር።

«ነይ የኔ ልጅ» አሉ። «ይቺን አንድ ጊዜ እንቁጠራት። ሲሞላ ንገሪኝ።»

ድምፃቸው ቁጣ የለበትም። ማዞር ጀመሩ፣ ከሌላው ጊዜ ሁሉ ቀስ ብለው። አንድ። ሁለት። አሁን ሳስበው በር እየከፈቱልኝ ነበር። ስድስት አልፎ ብል ኖሮ ሁሉም ነገር ያለ ክርክር ያልቅ ነበር፤ ያጠፋሁት እኔ እንደሆንኩ ይታወቃል፣ እጃቸውም ትክክል እንደነበር ያውቃሉ። እኔ ግን በልጅ ጭንቅላቴ ያሰብኩት አንድ ነገር ነው፣ ያኔ አራት ብዬ ዛሬ ስድስት ካልኩ ተያዝኩ። ሦስት አሉ። አራት አሉ።

«ሞላ» አልኩ።

እጃቸውን ከዘንጉ ላይ አላነሡም።

«ጎበዝ» አሉ። «በይ ሂጂ፣ እናትሽ ትፈልግሽ ይሆናል።»

አመኑኝ ብዬ እየሮጥኩ ወጣሁ። ያቺ ልጅ! አሁን ባገኛት ጆሮዋን ይዤ ወደዚያ በር እመልሳት ነበር።

እሑድ ዕለት ጋሽ ሸምሱ ሁለት የሰፈር ሽማግሌ ይዘው ቤታችን መጡ። አንዱ መስጊድ አብረዋቸው የሚሰግዱ፣ አንዱ የአባባ ቸርች ሰው ናቸው። በደል የሠራ ሰው ለብቻው አይመጣም፣ ሽማግሌ ይዞ ነው የሚመጣው። እማማ ደንግጣ ወንበር አወጣች። አባባ ክንዱ በጀሶ ታስሮ ብድግ አለ፣ ጋሽ ሸምሱ ግን አልቀመጥም አሉ።

«ላሚሶ፣ አጥፍቼብሃለሁ» አሉ ቆመው። «ዓይኔ ከዓመት በላይ ነው ከሄደ። ደብቄህ ነበር። ሰው አምኖ መኪናውን ሲሰጠኝ አላይም ማለት ነበረብኝ፣ አላልኩም። ክንድህን የሰበርኩት እኔ ነኝ። ከዛሬ ጀምሮ የማንንም መኪና አልነካም፣ ይሄን በሽማግሌ ፊት ነው የምለው።»

አባባ ቀስ ብሎ ጠየቀ፦

«ጋሽ ሸምሱ፣ ታዲያ በምን ቆጠሩት? ዓይን የሌለው ሰው እንዴት ይቆጥራል? ማን ነበር አብሮዎት?»

እኔ በጓዳው በር ቆሜያለሁ። ጋሽ ሸምሱ እኔ ወዳለሁበት አልዞሩም።

«ብቻዬን ነበርኩ» አሉ።

ያኔ ነው የገባኝ። ሁሉንም አውቀውታል። የዚያን ዕለት፣ ዝናቡ ላይ፣ እጃቸው ዘንጉ ላይ እንዳለ አውቀው ነበር። እኔን ላለማስያዝ ዓይናቸውን፣ ሙያቸውን፣ ስማቸውን አውጥተው ሽማግሌ ፊት አስቀመጡት። አባባ ተነሥቶ በደህናው እጁ አቅፎ ሳማቸው፣ «ይቅር ብዬዎታለሁ፣ ምን አጠፉና፣ እርስዎ አባቴ ነዎት» አለ። ሽማግሌዎቹ መረቁ። እማማ ቆጮና አይብ አቀረበች፣ እኔንም ማንቆርቆሪያና ሳፋ አስያዘችኝና «እጅ አስታጥቢ» አለችኝ።

ከሽማግሌዎቹ ጀመርኩ። ጋሽ ሸምሱ ጋ ስደርስ ሁለት እጃቸውን ሳፋው ላይ ዘረጉ። ጥቁሩ ዘይት በጥፍራቸው ዙሪያ አለ፣ ሽታው መጣ። ውሃው ከሳፋው አልፎ ጉልበታቸው ላይ ፈሰሰ። ጋሼ እኔ ነኝ፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ ልል አፌን ከፈትኩ። ሁሉም እዚያው ናቸው፤ አባባ፣ እማማ፣ ሁለቱ ሽማግሌዎች። አንድ ቃል ብናገር ምን ይመጣል፣ ቢበዛ ዱላ ነው።

አልተናገርኩም። ውሃውን ማፍሰስ ቀጠልኩ። እርሳቸው እጃቸውን ታጥበው ጨረሱ፣ አራገፉት፣ ከዚያ ውሃ ያስታጠበችን ልጅ ሽማግሌ ሁሉ እንደሚመርቃት መረቁኝ።

«እደጊ፣ የኔ ልጅ» አሉኝ።